መስታወት ይፈሳል ያልነው እኛ ነን

በመጀመሪያ ስለ «እኛ» እንነጋገር። እዚህ ገጽ ላይ «እኛ» ስንል አንዲት ሴት ነን። ጋዜጠኝነት ስንማር «‹እኔ› የሚባል ቃል ከጽሑፋችሁ ይውጣ!» እየተባልን ዓመታት ስላሳለፍን፣ ዲግሪው ሲሰጠን «እኔ» በዚያው ተወሰደችብን። አንድ ጊዜ እማዬ ደውላ «እንዴት ነሽ?» ስትለን «ደኅና ነን» ብንላት «ከማን ጋር ነሽ?» ብላ ድምጿ ተቀየረ። (እስክናስረዳት ድረስ የስልኩ ሒሳብ አለቀ።)

እናላችሁ፣ እኛ ተሳስተናል። የተሳሳትነው ደግሞ በሬዲዮ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የምንሠራበት ጣቢያ (ስሙ ይቆየን) ከምሽት ዜና በኋላ ሦስት ደቂቃ ሰጥቶን ነበር፤ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» እየተባለ ለአድማጭ አንዳንድ ነገር የሚነገርባት ዓይነት። በአንዱ ምሽት እንዲህ አልን፤ «የቤትዎ መስኮት መስታወት ጠጣር ይመስልዎት ይሆናል። ግን ፈሳሽ ነው። በጣም በዝግታ ወደ ታች እየፈሰሰ ነው። የአውሮፓ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት መስታወት ከታች ወፍሮ ከላይ የሳሳውም ለዚህ ነው።» ማሲንቆ ገባ፤ ዝግጅቱ አለቀ።

ምንጫችን አባታችን ነበሩ። አባታችን ደብረ ታቦር ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቤተ ሙከራ በሌለበት ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ ዕቃቸው ሁሉ ከመንደር ነው። ጠጣር ነገርን ሲያስተምሩ የሚነሡት ከጋፋት ነበር፤ ከከተማችን ወጣ ብሎ ካለው፣ የአፄ ቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ከተሠራበት። «ቀልጦ የፈሰሰ ብረታ ብረት ሲቀዘቅዝ አተሞቹ እንደ ወታደር ይሰለፋሉ፤ ይህ ክሪስታል ይባላል። መስታወት ግን ሰልፍ ሳይይዝ ደርቆ የቀረ ነው» ይላሉ። እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ከዚያ ግን የመስኮቱን መስታወት በጣታቸው አንኳኩተው «ሰልፍ ስላልያዘ ይፈሳል፤ እናንተ ግን ዕድሜያችሁ አጭር ነውና አታዩትም» ይላሉ። እኛ ይህን የሰማነው ገና ፊደል ሳንቆጥር ነው። ምንጭ ሁለት ይሁን ተብለን ተምረናል፤ ሁለተኛውን አልፈለግንም። እንዲህ ያለ አባት ያለው ሰው ሁለተኛ ምንጭ ምን ያደርግለታል?

በማግስቱ አንድ አድማጭ አጭር መልእክት ላኩ። «መስታወት አይፈስም። አጣሩ።» ይኸው ነው። ስድብ ቢኖርበት ይሻለን ነበር፤ ለስድብ መልስ አናጣም።

አጣራን። ኤድጋር ዛኖቶ የሚባሉ ብራዚላዊ ተመራማሪ በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምንጽፈው) አስልተው፣ የመስኮት መስታወት በተራ ቤት ሙቀት ሲፈስ ለማየት የዓለማችን ዕድሜ ራሱ እንደማይበቃ ጽፈዋል። በ2017 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ለንደን በሚገኘው ዌስትሚንስተር አቢ እንዳለው ያለ የመካከለኛው ዘመን መስታወት ሠርተው ለኩት። መስታወቱ ከታሰበው ይልቅ ለመፍሰስ የቀረበ ሆኖ ተገኘ፤ ያም ሆኖ በአንድ ቢሊዮን ዓመት ቢፈስ ቢፈስ አንድ ናኖሜትር ነው። ናኖሜትር ማለት አንዲት ሚሊሜትር ለሚሊዮን ስትከፈል ነው። የድሮዎቹ መስኮቶች የወፈሩት መስታወቱ በእፍታ ተነፍቶ፣ እየተሽከረከረ እንደ ምጣድ ስለሚዘረጋና ውፍረቱ እኩል ስለማይሆን ነው። ገጣሚው ወፍራሙን ጎን ወደ ታች ማድረግ ይመቸው ነበር። በቃ!

አለቃችንን «ማስተካከያ እናንብብ» አልናቸው። «ማን ያስታውሰዋል? ተዪው» አሉን። እውነቱን ለመናገር እፎይ አልን። ማስተካከያው ከተነበበ ደብረ ታቦርም ይሰማላ!

ባለፈው ነሐሴ ለቡሄ ወደ ቤታችን ወጣን። መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቀን ከባሕር ዳር በሚኒባስ። መናኸሪያው ላይ ተሳፋሪው የሚገባው አንድ በአንድ ነበር። አንዱ ገብቶ፣ ቦርሳውን እግሩ ሥር አመቻችቶ፣ ረዳቱ «ጠጋ በል ወንድሜ» ብሎት ጠጋ ካለ በኋላ ነው ቀጣዩ የሚገባው። በሦስት ሰው ወንበር አራት ሆነንም ትንፋሽ ነበረን። ወረታ ላይ ግማሹ ሰው ወረደ፤ ዝናብም መጣ፤ ደጅ ሲጠብቅ የነበረው ሕዝብ ባንዴ ተግተልትሎ ገባ። የአንዱ ጉልበት ከሌላው ጎድን፣ የሩዝ ከረጢት ከእኛ ጭን ላይ፤ አለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ማንም መላወስ አልቻለም። የሰው ቁጥር ያው ነው፤ እንዲያውም ሁለት ሰው ሜዳ ላይ ቀርቷል። ይህን ያዙልን፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ቤት ስንደርስ ጉና ደመናውን ለብሶ አይታይም፤ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ መብራት የለም። ከደጅ የጅራፍ ጩኸት ይሰማል። ቡና ተፈልቶ አባታችን ወንድማችን ከውጭ የላከላቸውን ስልክ አወጡ። «ይህ ስልክ ታሞብኛል፤ ጥላ አለው» አሉ። እውነትም ነጩ ገጽ ላይ የፊደሎቹ ሰሌዳ እንደ እድፍ ታትሞ ቀርቷል። ከዚያ አንድ ነገር ነኩና ከስልኩ ውስጥ የማሲንቆ ድምፅ ወጣ። ከማሲንቆው በፊት ደግሞ የእኛ ድምፅ! «የቤትዎ መስኮት መስታወት ጠጣር ይመስልዎት ይሆናል። ግን ፈሳሽ ነው...»

ከሬዲዮ ላይ ቀድተውታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሰማሉ። «የዕድሩ ሰብሳቢ ሦስት ጊዜ ሰምቶታል» አለችን እማዬ በኩራት።

ምን እናድርግ? ፊት ለፊት መናገር አቃተን። በጎን ለመግባት አሰብንና «አባዬ፣ የስልክዎ በሽታ ምን እንደሆነ ልንገርዎት?» አልን።

የድሮ ስልክ ከገጹ ጀርባ መብራት አለው። ይህኛው ኦሌድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የሚያበራው ገጹ ራሱ ነው። ነገሩን በ1987 ኮዳክ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ ናቸው መንገድ ያስያዙት፤ ካርቦን ካላቸው ሞለኪውሎች የተሠሩ ሥሥ ንጣፎች፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው የሚያበሩ። ንጣፎቹ ተደራርበው የፀጉር ስፋት አንድ መቶኛ እንኳ አይሞሉም። ፊደሎቹ ያሉበት ቦታ ብዙ ስለበራ ቀድሞ ይደክማል፤ ጥላው እሱ ነው።

«እንዲህ የሳሳውን በምን ይቀቡታል?» አሉ አባታችን።

«አይቀባም። አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ ዱቄቱን ያሞቁታል፤ ተን ሆኖ ይነሣል፤ ከላይ ያለው ሰሌዳ ላይ ሄዶ ያርፋል።»

«አረቄ ነዋ!» አለች እማዬ።

«አረቄስ ፈሳሽ ሆኖ ይወርዳል» አሉ አባታችን። «ይህ ውርጭን ነው የሚመስለው። ግን ውርጭ ክሪስታል ነው፤ ይህኛውስ ይሰለፋል?»

«አይሰለፍም።»

«እንግዲያማ መስታወት ነው!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ስልኬ ላይ ያለው መስታወት ነው! ይኸም ይፈሳል ማለት ነው!»

አይ እኛ! በጎን ገብተን ከዚያው ጉድጓድ።

ቀጠልን እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል። በ2007 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የማርክ ኤዲገር ቡድን አንድ ነገር አሳየ። መስታወትን እንደ ወጉ ብትሠሩት፣ አቅልጣችሁ ብታቀዘቅዙት ማለት ነው፣ ሞለኪውሎቹ እየደከሙ ሄደው ባሉበት ይያዛሉ። የወረታው ሚኒባስ ነው፤ ሁሉም ባንዴ ገብቶ የአንዱ ጉልበት ከሌላው ጎድን እንደሆነ ቀረ። ጠጋ ጠጋ ብለው ይመቻቹ ቢባል በሺዎች የሚቆጠር ዓመት ይፈጃል። እነ ኤዲገር ግን በተን አነሡትና ቀስ ብለው፣ በሴኮንድ ከአንድ ናኖሜትር ባነሰ ፍጥነት፣ ሰሌዳ ላይ አሳረፉት። አዲስ የመጣው ሞለኪውል ከላዩ ማንም የለም፤ እንደ ልቡ ይገላበጣል፣ ይንሸራተታል፣ የሚመቸውን ጎድጓዳ ያገኛል፤ ከዚያ ነው ሌላው የሚመጣው። በሰዓታት ውስጥ የተሠራው መስታወት፣ የተለመደው በሺህ ዓመት የማይደርስበት ሆነ፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሲያሞቁትም ቶሎ የማይበገር።

«ሰሌዳው ምን ያህል ይቀዘቅዛል?» የመምህር ጥያቄ!

«መስታወቱ ከሚላላበት ሙቀት ሰማንያ አምስት በመቶ ገደማ። በኬልቪን ግን።»

«እሱን እንኳ አውቀዋለሁ፤ በሴልሺየስ በመቶ አይሰላም። የምን መስታወት ነበር?»

አንዱ ኢንዶሜታሲን ነው፤ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት። የሚላላው 42 ዲግሪ አካባቢ ነው። አባታችን በስልኩ ብርሃን የክብሪት ካርቶን ላይ መጻፍ ጀመሩ፤ 42 ሲደመር 273፣ 315። ሲባዛ በ0.85፣ 267.75። ሲቀነስ 273። «ከዜሮ በታች አምስት። የጉና ሌሊት ይበቃዋል!» አሉ።

ከዚያ በጣም ቢቀዘቅዝ ያረፈው ሁሉ ካረፈበት አይነቃነቅም፤ ሚኒባሱ ውስጥ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው። ወደ 42 ቢጠጋ ደግሞ ከታች ያሉትም ስለሚናጉ ተራው መስታወት ይሆናል። መሐል ላይ ነው ነገሩ።

የእኛ ወሬ እዚህ ያበቃ ነበር፤ አባታችን ግን ቁጭ ብለው ወደ መሬት ሲያዩ ቆዩና «ሞለኪውሉ ረጅም ቢሆንስ? ኳስ ካልሆነ?» አሉ። ይህን ጥያቄ እኛ አልጠየቅነውም ነበር። ከሥራቸው ቄጠማ አነሡ፤ በጣታቸው በሳንቲም ልክ ቆራርጠው እፍኙን ባንዴ ትሪ ላይ ለቀቁት። ግማሹ ቆመ፣ ግማሹ ተጋደመ፣ የተደገፈም አለ። ጠረጉትና አንድ በአንድ ጣሉት። ሁሉም ተኛ።

የተመራማሪዎቹ ግኝትም በዚያው አካባቢ ነው፤ ግን ልዩነት አለውና ቄጠማውን ብዙ አትመኑት። ቄጠማ የሚተኛው ክብደቱ ስቦት ነው፤ ሞለኪውልን ግን የሚያስተኛው ክብደቱ አይደለም። ፊት ላይ ሳለ፣ ከጎረቤቶቹና ከላይ ካለው ባዶ ቦታ ጋር ሲስማማ የሚይዘው አተኛኘት አለ፤ ቀጣዩ ሲመጣበት አተኛኘቱ እንዳለ ተቀብሮ ይቀራል። የኤዲገር ቡድን ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2015 እንዳሳየው፣ ሰሌዳው ቀዝቀዝ ካለ ረጃጅሞቹ በሰሌዳው ልክ ይጋደማሉ፤ ወደሚላላበት ሙቀት ሲጠጋ ጥቂት ወደ መቆም ያዘነብላሉ፤ ከዚያ በላይ ቢሞቅ መልክ የለውም፣ ሁሉም ወደፈለገው ነው። ሙቀቱን በማዞር ብቻ አተኛኘቱ ይመረጣል ማለት ነው።

«ቢተኛስ ባይተኛስ ምን ለውጥ አለው?» አለች እማዬ። ስኒ እያጠበች ነበር።

መልሱን እኛ ሳንሆን አባታችን ናቸው የሰጡት፤ ዘንግ የመሰለውን የክፍል አምፖል አስታውሰው። «ያ አምፖል ብርሃኑ የሚወጣው ከጎኑ ነው እንጂ ከጫፉ አይደለም። ጣሪያ ላይ ካጋደምሽው ክፍሉ ይበራል። አቁመሽ ብትሰቅይው ግን ከሥሩ ያለው ተማሪ ምን ያያል?» ልክ ናቸው። ብርሃን የሚሰጡት ረጃጅም ሞለኪውሎች ከተኙ ብርሃኑ ወደ ዓይን ይወጣል፤ ከቆሙ በንጣፉ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ እዚያው ይቀራል። እንደ ነገሩ ከተዘራ ከንጣፉ የሚወጣው ብርሃን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። በ2018 የባርሴሎናና የድሬስደን ተመራማሪዎች ኦሌዱን በዚህ በተረጋጋው መስታወት ሲሠሩት ብርሃኑም ዕድሜውም ከ15 በመቶ በላይ ጨመረ። ለአባታችን ስልክ አልደረሰም እንጂ!

ከዚያ ዝም አሉ። ደጅ ያለው ጅራፍ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

«ቆይ» አሉ። «የሚንቀሳቀሰው ፊት ላይ ያለው ብቻ ነው አላልሽም? ቀጣዩ ከመጣበት በኋላ ያለበት ይቀራል።»

«አዎ።»

«እንግዲያ የመስኮቱ መስታወት... ከውስጥ...»

«አይንቀሳቀስም አባዬ። አይፈስም።» ቁጥሮቹን ነገርናቸው፤ ቢሊዮን ዓመቱን፣ አንዷን ናኖሜትር፣ እየተሽከረከረ የሚዘረጋውን መስታወት። ሲቆጡ ጠበቅን። አልተቆጡም። ስልኩን በፊቱ ደፉት፤ ቤቱ ጨለመ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሬዲዮ ላይ በተናገርን በማግስቱ።»

«ያን ጊዜ? የዛሬ ሁለት ዓመት?»

«አዎ።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት የተሳሳትኩት ሳላውቅ ነው» አሉ። ሌላውን አልጨመሩም፤ አያስፈልግም ነበር። እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቅን ነው እንግዳ ሁሉ ውሸታችንን የሰማው። ስለ እሳቸው ክብር ስንል ነው ዝም ያልነው ብለን ራሳችንን ስናታልል ኖረናል። የፈራነው ግን ለራሳችን ነው፤ የአባታችን ልጅ መሆናችን ከዲግሪው በላይ የምንኮራበት ነገር ስለሆነ፣ እሳቸው ትንሽ ቢያንሱ እኛ ምን እንደምንሆን አላወቅንም ነበር። ሌሊቱን ዝናቡን ስንቆጥር አደርን።

በማግስቱ በዓሉ ነው። (ደብረ ታቦርን ደብረ ታቦር ላይ ማክበር ለእንግዳ ሰው ግር ይለዋል፤ ለእኛ ልማድ ነው።) ልጆቹ ሆያ ሆዬ ብለው ሙልሙላቸውን ይዘው ሄዱ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባታችን ከእኛ ጋር እምብዛም አላወሩም። መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ሰው «ቲቸር!» ብሎ ጎንበስ አለላቸው፤ የድሮ ተማሪያቸው ነው፣ ዛሬ የልጆች አባት።

«መስታወት ይፈሳል ብዬህ ነበር?» አሉት ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ።

ሰውዬው ደነገጠ። «እ... አላስታውስም ቲቸር።»

«አይፈስም። አላስታውስም አይባልም፣ ብዬህ ነበር። አይፈስም።»

ትንሽ እንደሄድን «አላስታውስም ይለኛል!» ብለው አጉረመረሙ። የተሳሳቱት ሳይሆን የተረሳው ነው ያናደዳቸው። ያኔ ነው ትንሽ የቀለለን።

ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ጠሩን። «ያ ሺህ ዓመት የሚፈጀው ነገር... በራሱ ጊዜ ጠጋ ጠጋ ብሎ የተመቻቸ መስታወት የትም የለም?»

አለ። አምበር፣ የዛፍ ሙጫ በዘመን ብዛት የደረቀ። እሱም ሰልፍ ያልያዘ ነው፣ መስታወት ነው። በ2013 አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣ ሃያ ሚሊዮን ዓመት የሆነው አምበር ወስደው፣ በተፈጥሮ ዕረፍት ያገኘ መስታወት ምን እንደሚመስል ለክተውበታል። አምበርማ እኛም ጋ አለ፤ ሰሜን ሸዋ፣ ዓለም ከተማ አካባቢ፤ ከነነፍሳቱ። በ2010 ይፋ ሲሆን 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ እንደገና ሲመረመር ግን ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ባለው ዕድሜ ውስጥ ሆነ።

«ታረመ?»

«ታረመ።»

«ሰባ ሚሊዮን ዓመት?»

«ከሰባም በላይ።»

አባታችን ከት ብለው ሳቁ። «የእኔ ሠላሳ ዓመት ምንም አይደለችማ!» አሉ። ከዚያ ስልኩን አውጥተው ሰጡን። «በይ፣ ድምፅ መቅጃው የቱ ጋ ነው? ያንን አታጥፊው። ከሥሩ ቀጥዪልኝ።»

ማስተካከያውን በሬዲዮ እስካሁን አላነበብንም፤ ሦስት ደቂቃዋም ለማስታወቂያ ተሰጥታለች። የእኛ ድርሻ ይህ ጽሑፍ ነው፤ መልእክቱን የላኩልን አድማጭ ካነበቡት፣ ልክ ነበሩ። አባታችን ግን ተገላግለዋል። እማዬ እንደነገረችን ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው ሁለቱንም ሳይሰማ አይነሣም። መጀመሪያ የእኛ፣ ከማሲንቆው በኋላ የእሳቸው፤ «ከላይ ልጄ የተናገረችው ስሕተት ነው፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ» ብሎ ይጀምርና ጋፋትን፣ ሚኒባሱን፣ ቄጠማውን፣ የጉናን ሌሊት ያካልላል። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። የዕድሩ ሰብሳቢ መምጣት ቀንሰዋል አሉ።